አንድ በረት፣ ሁለት የፓርቲ ልጆች

ይድረስ ለክቡር ልዑል ሶማንድላ፣
የኤማሃላሌኒ ቤት ራስ፣ የአባቶቻችን በረት ጠባቂ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንዲት የማስታወሻ ገጽን እስከ መጨረሻዋ ስለ ማንበብ

ክቡር ልዑል ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የልዑልነትዎን ጤና፣ የእመቤቶቼን የባለቤቶችዎን ጤና፣ የላሞችዎን ጤና፣ እንዲሁም በዚህ ሰሞን ወዲያና ወዲህ መዞር የበዛበትን የአንገትዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ዝናቡ ዘግይቶ አቧራው ከማሳሉ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ቢጠፋዎት ሥራዬ አይጠፋዎትም። ከታክሲ ማቆሚያው ማዶ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ባለ ሦስት እግር ብረት ድስት የማከራየው ማንቶምቤላ ነኝ። በኤማሃላሌኒ ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ልዑሉ ፓርቲ ሲቀይሩ ድንኳኑ የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንደ ሄድኩ፣ ምን ዕቃ እንደ ወጣ፣ ማን ምን እንዳለ በየቀኑ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ይህንንም የማደርገው ታሪክ ወድጄ ሳይሆን ወንበር ሲጠፋ የማንን በር እንደማንኳኳ ለማወቅ ነው። አገሩ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ሰዎች በክርክር መሐል "ማንቶምቤላ ጽፋዋለች፣ ሂዱና ጠይቋት" ይላሉ። ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚመዝን የገባኝ በእጄ ከሰበርኩት በኋላ ነው፤ እዚያም እደርሳለሁ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። በአቋሙ የሚጸና መሪ ለድንኳን አከራይ እንጀራ አይሆናትም። ልዑልነትዎ ግን ባለፉት አሥራ ስድስት ወራት ባለ ማረሻውን ፓርቲ ባረኩ፣ ቀጥለው ባለ ቀንዱን ባረኩ፣ አሁን ደግሞ ከባለ ድልድዩ ሰዎች ጋር ሻይ ሲጠጡ ታይተዋል። የክልሉ ምክር ቤት በአንዲት መቀመጫ ብልጫ የቆመ በመሆኑ፣ ያቺም መቀመጫ የምትገኘው እርስዎ በዞሩበት ከሚዞሩት መንደሮቻችን በመሆኑ፣ ትልልቅ ሰዎች በትልልቅ መኪና አቧራችንን እያስነሡ ይመጣሉ፤ ድንኳኔም አጣጥፌ ሳልጨርስ ይጠራል። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ከእኔ የበለጠ ሊያመሰግንዎት የሚገባ ሰው የለም። ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርባቸውን ጥቃቅን ነገሮች የአንዲት የጠገበች ሴት ማጉረምረም አድርገው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ልብስ።

ልዑልነትዎ አሳብዎን ሲለውጡ ቀደም ብለው ለመዝሙር ቡድኑ ሴቶች ቢያስታውቁልን መልካም ነበር። ባለፈው ጊዜ ድንኳን ስናቆም ሁለቱ መሪዎቻቸው ሦስት ዓይነት ሸሚዝ በከረጢት ይዘው ከገመዱ አጠገብ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ዛሬ የማን ነን?"

"ልዑሉ ይምጡ፤ የለበሱትን አይተን እንወስናለን።"

"ብርድ ልብስ ደርበው ቢመጡስ?"

"ሹፌራቸውን እናያለን። እሱ መደበቅ አይችልበትም።"

ሳቅሁ፤ በደብተሬም ጻፍኩት። እነዚህ ሴቶች ግን ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። አባታቸውን ተከትለው በአንድ ፓርቲ ያደጉ፣ በሱ ምክንያት ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ በሱ ምክንያት ወንድም የቀበሩ ሴቶች ናቸው። እርስዎ ወዲህ ሲሉ ወዲህ የመጡት ንግግሩ ገብቷቸው ሳይሆን የዚህ ቤት ቃል ከአባቶች ጋር የተማከረ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። አባቶች በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አሳባቸውን ቀየሩ ማለት ግን ለእነሱም ትንሽ ከብዷቸዋል።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍየሉ ቆዳ።

ይህን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በእኛ ዘንድ በረት ውስጥ ፍየል ታርዶ ቆዳው በእጁ አንጓ የሚታሰርለት ለአባቶች የተነገረለት ሰው ነው። ለተወለደ ልጅ ይታሰራል፤ ጠፍቶ ለተመለሰ ይታሰራል። ቆዳው ደርቆ፣ ሸትቶ፣ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይጠበቃል እንጂ ቢላ አይነካውም። ለእንግዳ ሥጋ ይቆረጥለታል፣ የማሽላ ጠላ ይቀዳለታል። ቆዳ ግን ለእንግዳ አይታሰርም።

ልዑልነትዎ ባለፈው ዓመት ዝናቡ ገና ሳይገባ የባለ ማረሻውን ሊቀ መንበር አቶ ሻንዱን ይዘው በረት ገቡ። እኔ ሴት ነኝና ከአጥሩ ውጭ ድስቶቼ ዘንድ ነበርኩ። አጥሩ ግን እንጨት ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። በዚህ ቤት ለሙታን የሚናገሩት የአባትዎ ታናሽ ወንድም ባባ ሙዚካዪሴ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ሲሉዎት ሰማሁ፦

"ልጄ፣ እንግዳ ከሆነ ሥጋ እናብላው። ይሄ የእንግዳ ነገር አይደለም።"

እርስዎም፦ "ባባ፣ ይሄ ሰውዬ ሥጋ በልቶ የሚጠግብ አይደለም። የኛ መሆን ይፈልጋል፤ ሰዉም የኛ መሆኑን ይይ።"

ሽማግሌው አዘኑ፤ ግን የቤቱ ራስ እርስዎ ነዎትና ታዘዙ። ተናገሩ። ቆዳውም ታሰረ። አቶ ሻንዱ ለፎቶግራፍ እጁን ከፍ አድርጎ ወጣ። በሳምንቱ መንደሮቻችን ማረሻ ሆኑ።

ሰባት ወር አለፈ። ማረሻው የገባልዎትን ነገር አላደረሰም መሰለኝ፤ ወይም ቀንዱ የተሻለ ነገር ገባልዎት። ይህ የልዑላን ጉዳይ ነውና አልመረምርም። ችግሩ የባለ ቀንዱ ሰዎች ሥርዓት አዋቂዎች ሆነው መገኘታቸው ነው። ሽማግሌያቸው ሊቀ መንበሩን አቶ ምካቤላን ሊያስተዋውቁ መጥተው በእኔ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ያሉትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦

"ንዳቤዚታ፣ ልዑል ሆይ፣ ክብር ለቤትዎ ይሁን። ግን እዚህ በረት ውስጥ ማረሻ የሚባል ልጅ አለ ሲሉ ሰማን። የሱ ቆዳ ገና አልወደቀም፤ ትናንት በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። እኛ ሊቀ መንበራችንን የሻንዱ ታናሽ ወንድም አድርገን ወደ ምርጫ አንገባም።"

ስለዚህ አቶ ሻንዱ የዚህ ቤት ልጅ ሆኖ አያውቅም መባል ነበረበት። እንዲህ እንዲሉልዎ ባባ ሙዚካዪሴን ጠየቁ። የመለሱልዎትን የሰማሁት ከራሳቸው ሳይሆን ከባለቤታቸው ከእማማ ማዝዋኔ ነው፦ "ለአባቶች ነግሬያቸዋለሁ። አልነገርኳችሁም ብዬ አሁን የምነግረው ለማን ነው? ለነሱው ነው?"

ሦስተኛ፦ ስለ ስብሰባው።

እሺ ያላሉትን ሽማግሌ መቅጣት ጭካኔ ይመስላልና ልዑልነትዎ የበለጠ ርኅሩኅ መንገድ መረጡ፤ አዘኑላቸው። የቤቱን ዘመዶችና የጎረቤት አለቆችን ሰብስበው፣ በድንኳኔ ጥላ፣ በለሰለሰ ድምፅ "አጎቴ ደክመዋል" አሉ። ያላሉትን ብያለሁ፣ ያልሆነውን ሆኗል እያሉ ነው፤ ዕድሜ ነው፤ አንፍረድባቸው አሉ። ያን ቀን በረት ውስጥ የነበሩት አምስት ወንዶች በየተራ ተጠየቁ። አንዱ ፍየሉን ይዤ ነበር አለ። አንዱ ውኃ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር። አንዱ ጆሮው አይሰማም፤ እስከዚያ ቀን መስማት እንደማይችል ሚስቱም አታውቅም ነበር። ባባ ሙዚካዪሴ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሁሉንም በየተራ ያዩ ነበር። አልተቆጡም። የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው "ማንቶምቤላ ጽፋለች" አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ሲጠብቁት የነበረው ይህን ነበር።

ደብተሩ መጣ። ገጹን አገኘሁት።

"ያን ቀን ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አሉኝ ልዑልነትዎ።

"ቅዳሜ፤ ለባለ ማረሻው እንግዶች ምሳ፤ ሁለት ድንኳን፣ ስድስት ድስት።"

"ምሳ?"

"ምሳ ይላል፣ ንዳቤዚታ።"

ደብተሩንም ዘጋሁት። ከመጀመሪያው መስመር በታች ዘጠኝ መስመር ነበር። ከጎረቤት አለቆች አንዱ "እንግዲህ ጨረስን፤ ምሳ ነው" አለ። ሌላው ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ባባ፣ ምሳውን ልጅ አደረጉብን እኮ" አላቸው። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ወንበር አከራይ ብቻዋን ኮስተር ብላ አትቀመጥም።

በሳምንቱ ለአቶ ምካቤላ ቆዳ ታሰረለት፤ መንደሮቹም ቀንድ ሆኑ። ከዚያው ድግስ ለእኔ የፊት እግር ሥጋ በሰው ላኩልኝ። ስለዚህ ሥጋ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩም፤ ጥፋቴ ነው። ሥጋው ጥሩ ነበር። በላሁት።

አራተኛ፦ ስለ አዲሱ ተናጋሪ።

በባባ ሙዚካዪሴ ምትክ የሾሙት የእኅትዎ ልጅ ትጉ ሰው ነው። የአባቶችዎን ስም ከስልኩ ላይ አነበበ። ሁለተኛውን ሲዘለው ግን ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። የተዘለሉት አባት ተቆጡ አልተቆጡ እኔ አላውቅም፤ ለሙታን ተናጋሪ አይደለሁም። የማውቀው እውነተኛው ተናጋሪ በዚያ ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ቆመው እንደ ነበር ነው። የበረቱ በር ላይ ያሉት ሰዎች "ባባ፣ ፀሐይ ይመታዎታል፣ ቤት ይግቡ" ብለው መልሰዋቸው ነበር። በማግሥቱ በክሊኒኩ ሰልፍ ላይ የምታውቃቸው ነርስ ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ጠላ ቤት ውስጥም ሰው "ባባ፣ የበላነው ምሳ ነው ልጅ?" እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። መሄዱን ተዉት። ቀጥሎም መናገሩን ተዉት።

አምስተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። በዚሁ ተራ ቁጥር እንዲገባልኝ እለምናለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ድስት ሳሳጥብ ባባ ሙዚካዪሴ ብቻቸውን መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። በትራቸውን እየዳበሱ ተቀመጡ።

"ማንቶምቤላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ከሳቅሽ ግን እነሣለሁ።"

"አልስቅም ባባ።"

"ያን ቀን በረት ውስጥ ተናግሬ ነበር? ወይስ ልናገር አስቤ ሳልናገር ቀረሁ? በልቤ ያልኩትን በአፌ ያልኩት መስሎኝ ይሆን? ሰው ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል ይላሉ።"

ወደሚታጠቡት ድስቶች አየሁ።

"ማዝዋኔ አልረሳህም ትለኛለች። ግን ሚስቴ ናት፤ ምን ትበል። አንቺ ነሽ የማታዳዪው።"

"ደብተሩን ልይልዎት ባባ" አልኩ። ደብተሩ በክርኔ ሥር ነበር። ክርኔን አላነሣሁም።

"እዪልኝ" አሉኝ። "ካላልኩ አላልኩም፤ እቀበለዋለሁ። ብቻ የተናገርኩባቸውን ሌሎቹን ቀኖች እንዴት እንደማምናቸው አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ተናግሬያለሁ። የሌላውስ ሁሉ? የልጆቹስ? ያልነገርኩላቸው ስንት ናቸው?"

አመስግነውኝ ሄዱ።

ክቡር ልዑል፣ እኔ በሥራዬ የምዋሽ ሴት ነኝ። ድንኳን ተይዟል ብዬ ለተሻለ ደንበኛ አቆይቻለሁ፤ ለማረሻው የቀንዱን፣ ለቀንዱ የማረሻውን ሐሜት አቀብያለሁ። ነገር ግን ጭንቅላቴ አሁንም የእኔ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ልዑልነትዎ አስፈራርተውኛል ብዬ መጻፍ ብችል እንዴት ደስ ባለኝ። አላስፈራሩኝም። ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ ገጹን እያየሁ አሰላሁ፤ መጪውን የምርጫ ወቅት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን የልጅዎን ሠርግ፣ የድስቶቼን ብዛት። ስሌቱ ትክክል ነበር። እርስዎ ቃልዎን ሦስት ጊዜ ለማዞር አሥራ ስድስት ወር ፈጅቶብዎታል፤ እኔ አንድ መስመር አንብቤ ደብተር እስክዘጋ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ስለዚህ ስለ መገለባበጥ ልዑልነትዎን ለመውቀስ ቦታው የለኝም፤ ይህ ደብዳቤ ወቀሳ ከመሰለ እንደ ባልደረባ ምክር ይታይልኝ።

ገጹ እንዲህ ይላል፤ ምንም አልቀነስኩም፦

"ቅዳሜ። ለባለ ማረሻው እንግዶች ምሳ። ሁለት ድንኳን፣ ስድስት ድስት። አንዱ ድስት እግሩ ላላ፤ ይበየድ። ልዑሉ ሻንዱን በረት አስገቡት። ባባ ሙዚካዪሴ የእንግዳ ነገር አይደለም አሉ፤ ልዑሉ ሥጋ በልቶ የሚጠግብ አይደለም አሉ። ባባ ተናገሩ፦ 'የዚህ ቤት ሰዎች፣ ይህ ሻንዱ ነው። የቤቱ ራስ ልጃችን ነው ብሏል። እኔ አልወለድኩትም፤ የተባልኩትን ነው የምነግራችሁ። እንደ ልጅ እወቁት፤ መንገዱን ጠብቁለት።' ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሻንዱ ቆዳው እጁ ላይ ሲታሰርለት ሳቀ። ባባ ሲወጡ ሥጋ አልበሉም። ወንበር አልጎደለም።"

ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ባለፈው ሐሙስ ደብተሬን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ማዝዋኔ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ሳነብ ሽማግሌው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። "እኔ አልወለድኩትም" የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "እሱን ብያለሁ፣ አዎ፣ ብያለሁ" አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ለካ ጽፈሽው ነበር።"

"አዎ ባባ።"

"እኔኮ አንቺም እንደኔ መርሳት ጀመርሽ ብዬ ሳዝንልሽ ከረምኩ።"

ይህን ያሉት ሊያቆስሉኝ አስበው አይደለም። ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እማማ ማዝዋኔ ውኃ እንኳ ሳትሰጠኝ ሸኘችኝ፤ በዚህ አገር ውኃ የሚከለከል ሰው የለም፤ እኔ ግን ተከለከልኩ። ትክክል ነበረች።

እንግዲህ ልዑልነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንኑ ስብሰባ መልሰው ይጥሩልኝ፤ እነዚያኑ ዘመዶች፣ እነዚያኑ የጎረቤት አለቆች፣ ጆሮው የማይሰማውንም ጭምር። ገጹን እስከ መጨረሻው ላንብብ። ውሸታም እባላለሁ፤ ነኝና ይባል። ባባ ሙዚካዪሴም በሁሉ ፊት በበረቱ በር ይግቡ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ገጹ ከዛሬ ጀምሮ በታክሲ ማቆሚያው፣ በክሊኒኩና በጠላ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሱቄ ፊት ቆሜ አነብለታለሁ። አሁን እስከ መጨረሻው ማንበብ ተምሬያለሁ።

አባቶችዎ የልዑልነትዎን መንገድ፣ የትኛው እንደ ሆነ ለይተው ካወቁት፣ ይጠብቁልዎት ዘንድ እየተመኘሁ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ላደረጉልኝ መልካም ነገርና ለላኩልኝ ሥጋ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በሥርዓቱ መሠረት ከበረትዎ አጥር ውጭ ሆኜ በአክብሮት እጅ የምነሣ፣

ታማኝነቷን ያጎደለች የድንኳን አከራይዎ፣
ባጃቡሊሌ ማንቶምቤላ

ግልባጭ፦
ለባባ ሙዚካዪሴ፣ በእጅ
በዚያ ቀን በድንኳኑ ውስጥ ለሳቁት ሁሉ
ለአዲሱ ተናጋሪ፣ በስልኩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጨረስኩ በኋላ አቶ ሻንዱ ወደ ሱቄ መጥቶ ነበር። ቆዳው አሁንም በእጁ ነው፤ ደርቋል እንጂ አልወደቀም። ገጹ መነበቡን ሰምቶ "እንግዲያ ልጅ ነኝ ማለት ነው" አለኝ፤ የቤቱ ልጆች ስለ ርስቱና ስለ ወራሹ ለመመካከር የሚቀመጡበትን ቀንም በጨዋነት ጠየቀኝ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መሆኑን ነገርኩት። እኔም ስለ ልደት ቀኑ ጠየቅኩት፤ ከልዑልነትዎ በሦስት ዓመት ይበልጣል። እንኳን ታላቅ ወንድም ሰጠዎት።